ማልኮም፡- የስኮትላንዶች «ገብረ»

ማልኮም ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ በቀጥታ የሚሄደው ወደ ማልኮም ኤክስ ነው። በተለይ የእኔ እኩዮች ስሙን የለመድነው የስፓይክ ሊ ፊልም በ1992 ከወጣ በኋላ፣ «ኤክስ» የተጠለፈበት ኮፍያ በየመንገዱ መታየት በጀመረበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ስሙን የጥቁር አሜሪካውያን ስም ብቻ አድርጎ የሚያስብ ሰው ቢገጥመኝ አይደንቀኝም። ስሙ ግን የተወለደው በስኮትላንድ ነው፤ ዕድሜውም ከአንድ ሺሕ ዓመት በላይ ነው። አራት የስኮትላንድ ነገሥታት ተጠርተውበታል።

ዛሬ ስለዚህ ስም ለመጻፍ የተነሣሁት ስኮትላንድን ለማስተዋወቅ ብዬ አይደለም። ከፈረንጅ ስሞች መካከል ለእኛ ስም አወጣጥ እንዲህ የሚቀርብ ብዙ አላየሁም። ማልኮም በአጭሩ «ገብረ» ብለን ከምንጀምራቸው ስሞች ጋር ወንድማማች ነው። ይህን ሳይረዱ ትርጉሙን መያዝ አይቻልም፤ የስም መዝገብ አዘጋጆችም የሚስቱት እዚሁ ላይ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።)

በመጀመሪያ ስሙ እንግሊዝኛ አይደለም። በስኮትላንድ ደጋማ አገርና በምዕራቡ ደሴቶች የሚነገር ጌሊክ የሚባል ቋንቋ አለ፤ ከአየርላንዶች ቋንቋ ጋር የአንድ እናት ልጅ ነው። በጥንቱ ጌሊክ ስሙ አንድ ቃል ሳይሆን «ማይል ኮሉም» የሚሉ ሁለት ቃላት ነበር። ዛሬ ጌሊክ ተናጋሪዎች ከሞላ ጎደል «ሙል ኻሉም» ብለው ይጠሩታል፤ ድምፁም የሚጠብቀው በሁለተኛው ቃል ላይ ነው። እንግሊዝኛው ሁለቱን ገጥሞ አንድ አደረጋቸው፤ ሲጽፈው ሁለት «ል» ያስገባል፣ ሲያነበው ግን ሁለተኛውን ይውጠዋል። እኛ በአማርኛ «ማልኮም» ብለን አንዱን ብቻ መጻፋችን እንግዲህ ጆሯችንን አምነን ነው፤ ትክክልም ነን።

«ማይል» ማለት ራሰ በራ፣ የተላጨ፣ የተራቆተ ማለት ነው። ቀንድ የሌላት ላምም በዚሁ ቃል ትጠራለች። ዛፍ የሌለበት መላጣ ኮረብታም እንዲሁ፤ በካርታ ላይ «ሙል ኦፍ ኪንታየር» ተብሎ የሚታየው ወደ ባሕር የገባ የምድር አፍንጫ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። ታዲያ ልጅን «ራሰ በራ» ብሎ መሰየም ምን ይሉታል? መልሱ ያለው በገዳም ውስጥ ነው። በዚያ ዘመን በአየርላንድና በስኮትላንድ አንድ ሰው ሲመነኩስ ጸጉሩን ይላጭ ነበር። እኛ «ቆብ ደፋ» ስንል ስለ ቆቡ ሳይሆን ስለ ምንኩስናው እንደምናወራ ሁሉ፣ እነሱም «የተላጨ» ሲሉ ራሱን ለእግዚአብሔር ወይም ለአንድ ቅዱስ አገልግሎት የሰጠ ሰው ማለታቸው ነበር።

የጸጉሩ ነገር በወቅቱ ቀላል ጉዳይ አልነበረም። የሮም መነኮሳት አናታቸውን ላጭተው ዙሪያውን እንደ አክሊል ሲተዉ፣ አየርላንዶቹ ደግሞ ከጆሮ እስከ ጆሮ የፊቱን ክፍል ይላጩ ነበር። ይህና ከሁሉም በላይ የፋሲካ ባሕረ ሐሳብ ልዩነት በ664 በሰሜን እንግሊዝ በዊትቢ ጉባኤ አስጠርቷል። ውሳኔው ለሮም ሥርዓት ሆነ። ስማችን የሚነሣበት የአዮና ገዳም ግን የራሱን ይዞ ቆይቶ የፋሲካውን ለውጥ የተቀበለው በ716 ነው፤ ጸጉሩም ብዙ ሳይቆይ ተከተለ።

ሁለተኛው ቃል የሰው ስም ነው። «ኮሉም» በላቲን «ኮሉምባ» የሚባለው ነው፤ ርግብ ማለት ነው። እዚህ ላይ ነው ስሕተቱ የሚመጣው። የልጅ ስም የሚዘረዝሩ መጻሕፍትና ድረ ገጾች ማልኮም የሚለውን አንዳንዱ «ርግብ»፣ አንዳንዱ «ራሰ በራ ርግብ» እያለ ይተረጉመዋል። ገብረ ጊዮርጊስ ማለት ምን ማለት ነው ተብሎ ሲጠየቅ «ገበሬ ማለት ነው» ብሎ መመለስ ማለት ነው፤ ጊዮርጊስ በግሪክኛ ገበሬ ማለት መሆኑ እውነት ቢሆንም፣ ልጁን ገብረ ጊዮርጊስ ያለ አባት ስለ እርሻ አላሰበም። ማልኮም የሚለው ስምም ስለ ወፍ አይናገርም። ስለ አንድ መነኩሴ ነው የሚናገረው። ቃል በቃል እንመልሰው ካልን «የኮሉምባ አገልጋይ»፣ በእኛ አገር አነጋገር «ገብረ ኮሉምባ» ይሆናል።

ይህ ኮሉምባ ማን ነው? የተወለደው በ521 ገደማ በሰሜን አየርላንድ በዶኒጎል ነው። ዘመኑን ለማስታወስ እንዲረዳን፣ በእኛ በኩል ዐፄ ካሌብ በአክሱም ነግሦ የነበረበት ጊዜ መሆኑን ማሰብ ይበቃል። ከትልቅ የመሳፍንት ወገን ነው። በትውፊት እንደሚነገረው መጀመሪያ የወጣለት ስም ቀበሮ የሚል ትርጉም ነበረው፤ ከቤተ ክርስቲያን አልጠፋ ሲል «የቤተ ክርስቲያን ርግብ» አሉት ይባላል። «ኮሉም ኪሌ» የሚለው ሙሉ መጠሪያው ትርጉም ይኸው ነው።

አገሩን ለቆ ስለወጣበት ምክንያት የሚተረከውን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ኮሉምባ ቁም ጸሐፊ ነበር። የመምህሩን ዳዊት ተውሶ በስውር ገለበጠው። መምህሩ ቅጂው የእኔ ነው አለ፤ ንጉሡ ጋ ተካሰሱ። ንጉሡም ጥጃዋ ላሟን እንደምትከተል ቅጂም መጽሐፉን ይከተላል ብሎ ፈረደበት። ነገሩ ከሌላ ቂም ጋር ተደራርቦ በ561 ወደ ጦርነት አመራ፤ ብዙ ሰው አለቀ፤ ኮሉምባም ለንስሐ አገሩን ጥሎ ተሰደደ ይላል ትውፊቱ። ስለ መጽሐፍ ቅጂ ባለቤትነት ደም መፋሰሱን ታሪክ ጸሐፊዎች እንደ ተረት ቢያዩትም፣ ጦርነቱም ሆነ ከሁለት ዓመት በኋላ የተከተለው ጉዞ በታሪክ የታወቁ ናቸው። በ563 ከአሥራ ሁለት ባልንጀሮቹ ጋር ባሕር ተሻግሮ አዮና በምትባል ትንሽ ደሴት ላይ ገዳም መሠረተ። እስከ 597 ዕለተ ሞቱ ድረስ መኖሪያው ይህች ደሴት ሆነች።

ከሞተ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ የዚያው ገዳም ዘጠነኛ አበምኔት አዶምናን ገድሉን ጻፈ። በገድሉ መሠረት ኮሉምባ በመጨረሻዋ ቀን ዳዊት እየገለበጠ ነበር፤ 33ኛው መዝሙር መካከል ላይ (በአገራችን ዳዊትም ቁጥሩ ያው ነው) ብዕሩን አስቀመጠና የቀረውን ሌላው ይጻፈው አለ። አዶምናን በመቅድሙ ላይ ስለ ስሙም ያነሣል፤ በላቲን ኮሉምባ የተባለው በዕብራይስጥ ዮና ነው ይላል። የነቢዩ የዮናስ ስም መሆኑ ነው። በየሰፈራችን ያሉት ዮናሶችና ስኮትላንዳዊው ማልኮም እንግዲህ በትርጉም በኩል ይዛመዳሉ። የሚገርመው የደሴቷም ስም ነው። በጥንት ጽሑፍ «ኢዎዋ» ትባል ነበር፤ በላቲን ፊደል ተቀራራቢ የሆኑ ሁለት ሆሄያት በግልባጭ ጊዜ ተምታተው «አዮና» ሆና ቀረች። ጸሐፊው ሳያስበው ደሴቷን «ርግብ» አላት።

አሁን ወደ ስም አወጣጡ ልመለስ፤ ለእኛ ዋናው ቁም ነገር ያለው እዚህ ነውና። ጌሎች የቅዱሳንን ስም በቀጥታ ለልጅ መስጠትን እንደ ድፍረት ያዩት ነበር። ስለዚህ ከፊቱ አንድ ቃል ያስቀድማሉ፤ አንደኛው «ማይል» ሲሆን ሁለተኛው «ጊሌ» ነው። «ጊሌ» ልጅ፣ ብላቴና፣ አሽከር ማለት ነው። እኛም ወንድ ልጅን ብቻውን «ክርስቶስ» ወይም «ኢየሱስ» ብለን አንጠራም፤ ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ፣ ተክለ፣ ኪዳነ ብለን ነው የምንጠጋው።

እስቲ ዛሬ ስኮትላንዳውያን በሚጠሩባቸው ስሞች ላይ እንየው። ጊልክሪስት የሚባል የቤተሰብ ስም አላቸው፤ ይህ ሳይሸራረፍ ገብረ ክርስቶስ ነው። ሰዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ኤዲንብራ ተወልዶ ቢሆን ኖሮ ጊልክሪስት ይባል ነበር ማለት ነው። ጊሊስ የሚሉት ገብረ ኢየሱስ ነው። ጊላንደርስ ገብረ እንድርያስ ነው። ማክሊን የሚባል ትልቅ ጎሳ አለ፤ «ማክ» የእገሌ ልጅ ማለት ሲሆን፣ ስሙ ሲፈታ «የገብረ ዮሐንስ ልጅ» ይሆናል። በ«ማይል» በኩል ደግሞ ማሊስ የሚባለው ስም የኢየሱስ አገልጋይ ነው። የማርያም አገልጋይ የሚል ስምም ነበራቸው፤ ገብረ ማርያም ማለት ነው፤ እንግሊዝኛው ሲያቅተው ድምፁ ብቻ የሚቀርበውን «ማይልስ» ተካበት።

የሁለቱ ቋንቋዎች ሰዋስው የሚለያየው በአንድ ነገር ነው። በግዕዝ «ገብር» የሚለው «ገብረ» ሆኖ የሚለወጠው የፊተኛው ቃል ነው፤ ቅዱሱ ሳይነካ ይቀመጣል። በጌሊክ ደግሞ የፊተኛው ቃል ባለበት ጸንቶ የቅዱሱ ስም መጨረሻ ይለወጣል። ሐሳቡ ግን አንድ ነው። ሁለቱ ሕዝቦች ተማክረው ያደረጉት ነገር አይደለም፤ በዓለም ዳርና ዳር ያሉ ሁለት የገዳም አገሮች አንድ ዓይነት ትሕትናን በአንድ ዓይነት መንገድ ገለጹት። ዐረቦችም «ዐብዱ» ብለው ስም ሲጀምሩ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ታዲያ ከቅዱሳን ሁሉ ኮሉምባ ለነገሥታት ስም የሆነው ለምንድን ነው? ምክንያቱ ዐፅሙ ነው። ሰሜናውያን የባሕር ወራሪዎች አዮናን ከ795 ጀምሮ ደጋግመው መቷት፤ በ806 ብቻ 68 የገዳሙ ሰዎች ተገደሉ። በ849 የቅዱሱ ዐፅም ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ወደ አየርላንድ ኬልስ፣ ግማሹ ወደ መሐል ስኮትላንድ ደንኬልድ ሄደ። ደንኬልድን ያከበረው ንጉሥ ኬኔዝ ማካልፒን፣ የስኮትላንድ ነገሥታት የዘር ሐረጋቸውን የሚቆጥሩበት ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ኮሉምባ የነገሥታቱ ጠባቂ ቅዱስ ሆነ፤ ልጆቻቸውንም የእሱ አገልጋይ ብለው መሰየማቸው የሚጠበቅ ነው።

ቀዳማዊ ማልኮም ከ943 እስከ 954 ነገሠ። ዳግማዊው ከ1005 እስከ 1034 ገዛ፤ የስኮትላንድን ወሰን ወደ ደቡብ በመግፋት ይታወቃል። የእሱ ሴት ልጅ ያገባችው የደንኬልዱን አበምኔት ነው፤ ከዚያ ጋብቻ የተወለደው ደንከን ነገሠ፤ የደንከን ልጅ ደግሞ ሦስተኛው ማልኮም ነው። ይህ ሦስተኛው በሼክስፒር «ማክቤዝ» መጨረሻ ላይ ዘውዱን የሚወስደው ወጣት ነው። ቴያትሩን ወደ አማርኛ የመለሰው ጸጋዬ ገብረ መድኅን መሆኑን ስናስታውስ፣ የተርጓሚው አባት ስምና የገጸ ባሕሪው ስም አንድ ዓይነት አሠራር እንዳላቸው ልብ ይሏል። በእውነተኛው ታሪክ ማክቤዝ አሥራ ሰባት ዓመት የገዛ ንጉሥ ነበር፤ በ1057 ሉምፋናን በሚባል ቦታ ተገደለ፤ ማልኮም ዙፋኑን የያዘው በተከታዩ ዓመት ነው።

ለእኔ የስሙ ታሪክ ዋና መታጠፊያ ይህ ሦስተኛው ማልኮም ነው። ያገባት ማርጋሬት ከእንግሊዝ ነገሥታት ዘር ናት፤ ኋላ ቅድስት ተብላለች። ማልኮም ፊደል አይለይም ነበር፤ ግን የሚስቱን የጸሎት መጻሕፍት እያነሣ ይስም፣ በወርቅና በዕንቁም ያስጌጥላት እንደነበር የሕይወት ታሪኳን የጻፈው ቄስ ይናገራል። ባልየው እንግሊዝኛም ጌሊክም ስለሚችል በቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ላይ አስተርጓሚዋ ነበር። ስድስት ወንዶች ልጆች ወለዱ። ስማቸው ኤድዋርድ፣ ኤድመንድ፣ ኤተልሬድ፣ ኤድጋር፣ አሌክሳንደርና ዴቪድ ነው። የመጀመሪያዎቹን አራት ተመልከቱ፡- የማርጋሬት አባት ኤድዋርድ፣ አያቷ ኤድመንድ፣ ቅድመ አያቷ ኤተልሬድ፣ የቅድመ አያቷ አባት ኤድጋር። እናቲቱ የራሷን የዘር ሐረግ በቅደም ተከተል በልጆቿ ላይ ጻፈች። አንድም የጌሊክ ስም የለም። ንጉሡ በጦር ሜዳ ያልተሸነፈውን በቤቱ ተሸነፈ ልል አልችልም፤ ፈቅዶ ያደረገው ይመስላል። ሆኖም አንድ ቋንቋ ከቤተ መንግሥት መውጣት ሲጀምር አዋጅ አይነገርም፤ በክርስትና ቀን በሚወጣው ስም ነው የሚታወቀው። ማልኮም በ1093 እንግሊዝን ሊወጋ ሄዶ አልኒክ ላይ ከልጁ ከኤድዋርድ ጋር ተገደለ፤ ማርጋሬትም መርዶውን ሰምታ በቀናት ውስጥ ዐረፈች።

ስሙ አንድ ጊዜ ተመልሶ ወደ ዙፋን መጥቷል። የዴቪድ የልጅ ልጅ የሆነው አራተኛው ማልኮም በአሥራ ሁለት ዓመቱ በ1153 ነግሦ ሳያገባ በ24 ዓመቱ በ1165 ሞተ። «ካንሞር» ማለትም «ትልቅ ራስ» የሚለው ቅጽል በተለምዶ ለሦስተኛው ይሰጣል፤ የአየርላንድ ዜና መዋዕል ግን በ1165 ይህን ቅጽል የጻፈው ለአራተኛው ነው። ከእሱ በኋላ ማልኮም የሚባል ንጉሥ በስኮትላንድ አልነገሠም።

ስሙ ከቤተ መንግሥት ቢወጣም በጌሊክ ተናጋሪው ገጠር ግን ኖረ። ችግሩ ቋንቋው ራሱ መገፋቱ ነው። በ1609 የአዮና ድንጋጌ የሚባለው የደሴቶቹን ባላባቶች ልጆቻቸውን ወደ ቆላ ልከው እንግሊዝኛ እንዲያስተምሩ አስገደደ። በ1616 የነገሥታቱ ምክር ቤት ጌሊክ ከነጭራሹ እንዲጠፋ በጽሑፍ ወሰነ። በ1872 የወጣው የትምህርት ሕግ ጌሊክን ከነመኖሩም አላነሣም። በዚህ መካከል አንድ ሰው ሁለት ስም ይዞ መኖር ግድ ሆነበት፡- በቤቱ የሚጠራበትና በመዝገብ የሚጻፍበት። ቋንቋውን የማያውቅ ጸሐፊ የሰማውን በመሰለው ፊደል ያሰፍራል። «ማይል» እና «ጊሌ» ትርጉማቸው ጠፍቶ የድምፅ ቁራጭ ሆኑ። ዛሬ ማክሊን የሚባል ሰው በስሙ ውስጥ ዮሐንስ እንዳለበት ቢነግሩት የሚደነቅ ይመስለኛል፤ ከዮሐንስ የቀረው አንድ ሁለት ድምፅ ነውና።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ አውሮፓ የሚኖር አንድ ዘመዴ ነው። ስሙ በ«ወልደ» የሚጀምር ነው። እንደደረሰ ቅጽ የሞላለት ጸሐፊ ሁለቱን ቃል ለያይቶ አንዱን የራሱ፣ ሌላውን የአባቱ ስም አደረገው። ይኸው ዛሬ ሐኪም ቤት በቅዱሱ ስም ብቻ «ሚስተር» ተብሎ ይጠራል፤ የአባቱ ስም ከመዝገብ ወጥቷል፣ ልጆቹም ያንኑ ወርሰዋል። በአሜሪካ፣ በጀርመን፣ በእስራኤል ያላችሁ አንባቢዎች ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ሁለቱን ቃል ገጥሞ እንደ አንድ ስም ማስጻፍ በዚህ ረገድ ሳይሻል አይቀርም። ማልኮምን ቢያንስ ከመቆረጥ ያዳነው መገጠሙ ነው።

መቆረጡም ቢሆን የራሱ ወግ አለው። እኛ ገብረ ማርያምን ስናቆላምጥ «ገብሬ» እንላለን፤ ወልደ ሚካኤልን «ወልዴ»፣ ተክለ ሃይማኖትን «ተክሌ»። ቅዱሱን እንተወውና አገልጋዩን እንይዛለን። ስኮትላንዶቹ በተቃራኒው ሄዱ። የማልኮም ቁልምጫው «ካለም» ነው፤ አገልጋይ የሚለው ቃል ወደቀና ቅዱሱ ብቻውን ቀረ። ከዚሁ «ማካለም» የሚል የቤተሰብ ስም ወጥቷል፤ በአርጋይል የፖልታሎክ ባላባቶች ደግሞ በ18ኛው መቶ ዘመን ማካለም መባሉን ትተው ማልኮም ተባሉ። ዛሬ ማልኮም በስኮትላንድ የአያቶች ስም እየሆነ ሲሄድ ካለም ግን በ2000ዎቹ ዓመታት ለወንድ ልጅ በብዛት ከሚወጡት አሥር ስሞች ውስጥ ነበረ።

በዚህ ስም ከሚታወቁት ውስጥ እኔ የምወደው ንጉሥ ሳይሆን አንድ ገበሬ ነው። ካለም ማክላውድ ይባላል፤ የራሴ ደሴት ሰው ነው (ራሴ የደሴቲቱ ስም ነው፣ የእኔ ማለቴ አይደለም)። መንግሥት ወደ መንደሩ መንገድ እንዲያወጣ ሕዝቡ ለዓመታት ቢለምን እንቢ ሲባል፣ በ1960ዎቹ አካፋ፣ ዶማና የእጅ ጋሪ ይዞ ብቻውን ጀመረ። ወደ ሦስት ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ ለመጨረስ አሥር ዓመት ያህል ፈጀበት። በጨረሰ ጊዜ ጎረቤቶቹ አብዛኞቹ መንደሩን ለቀው ነበር። መንገዱ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ስሙ ወደ አሜሪካና ወደ ካሪቢያን የገባበት መንገድ ይህን ያህል ደስ የሚል አይደለም። እንግሊዝ በ1763 ግሬናዳን ከፈረንሳይ ስትወስድ የስኳር እርሻዎቹን ከገዙት ነጮች መካከል ስኮትላንዳውያን ብዙ ነበሩ፤ በጃማይካም እንዲሁ። የባሪያዎችን ስም የሚያወጣው በአብዛኛው ጌታው ነበር። እስከ ዛሬ ካምቤል፣ ዳግላስ፣ ማኬንዚ የሚባሉ ጥቁሮች የበዙት ለዚህ ነው።

ማልኮም ሊትል በ1925 ኦማሃ፣ ነብራስካ ተወለደ። አባቱ ከጆርጂያ የመጣ የማርከስ ጋርቬይ ተከታይ ነው። እናቱ ሉዊዝ የግሬናዳ ተወላጅ ነበረች፤ አባቷ ነጭ ነበር፣ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎችም ስኮትላንዳዊ መሆኑን ጽፈዋል። ማልኮም በ1952 ከእስር ቤት ከወጣ በኋላ «ሊትል» የሚለውን ጣለ፤ የአያቶቹ ጌታ ስም ነው፣ የእኔ አይደለም አለ። በቦታው ያስገባው ኤክስ የማይታወቀውን የአፍሪካ ስሙን የሚተካ ምልክት ነበር። «ማልኮም» የሚለውን ግን አልጣለውም።

እዚህ ላይ አንዳንድ ሰው «የባሪያ ስም ጥሎ አገልጋይ የሚል ስም ያዘ» ብሎ ሊያሾፍ ይችላል። እኔ አልስማማም። «ገብር» በግዕዝ ባሪያም አገልጋይም ነው፤ ነገር ግን ገብረ ሥላሴ የተባለ ሰው በሰው ፊት ባሪያ ነኝ ማለቱ አይደለም። እንዲያውም ጌታዬ ሰው አይደለም ማለቱ ነው። «ማይል ኮሉም» ያሉትም ነገሥታት ነበሩ። ሊትል ግን ሰው በሰው ላይ የለጠፈው ስም ነው። ሁለቱን አንድ ማድረግ አይቻልም።

በ1964 ማልኮም ሐጅ አድርጎ ሲመለስ ኤል ሐጅ ማሊክ ኤል ሻባዝ ተባለ። በዚያው ዓመት አፍሪካን ሲዞር ኢትዮጵያንም ጎብኝቷል። «ማሊክ» ለጆሮ ከማልኮም ጋር ቢቀራረብም ዘሩ ፈጽሞ ሌላ ነው፤ የሴም ቃል ነው፤ መግዛትንና ባለቤትነትን ያመለክታል፤ «አምላክ» የሚለው ቃላችን የወጣበት ሥር ነው። የካቲት 21 ቀን 1965 ኒውዮርክ ውስጥ በጥይት ሲገደል ሚስቱ ቤቲ ነፍሰ ጡር ነበረች። በዚያው ዓመት መንታ ሴቶች ልጆች ወለደች። አንደኛዋን ማሊካ አለቻት፤ ንግሥት ማለት ነው። ሁለተኛዋ ማላክ ተባለች፤ እኛ «መልአክ» የምንለው ያው ቃል ነው።